ነጭ የደም ሕዋሳትና ክትባት፦ በሽታን የመከላከል አቅም ምሥጢር የታወቀበት ታሪካዊ ጉዞ

መግቢያ

የኩፍኝ ክትባት በወቅቱ የተሰጠው ሕፃን ከዓመታት በኋላ ከኩፍኝ ሕመምተኛ ጋር በአንድ ክፍል ቢውል አብዛኛውን ጊዜ አይታመምም። የተወጋው ክትባት ግን በሳምንታት ጊዜ ውስጥ ከሰውነቱ ጠፍቷል። ስለዚህ በዚያች ሰዓት ሕፃኑን የሚጠብቀው በብልቃጥ ውስጥ የነበረው ፈሳሽ ሳይሆን፣ ፈሳሹ በሰውነቱ ውስጥ ትቶት ያለፈው ለውጥ ነው። ይህ ለውጥ በየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚቀመጥና እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ የሕክምና ሳይንስ እጅግ ረጅም ጊዜ ፈጅቶበታል። ኤድዋርድ ጄነር የመጀመሪያውን የፈንጣጣ ክትባት ከሰጡበት ከ1796 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንሥቶ የነጭ የደም ሕዋሳት የሥራ ድርሻ ተለይቶ እስከታወቀበት እስከ 1960ዎቹ ድረስ ከ160 ዓመታት በላይ አልፈዋል።

በዚህ ጽሑፍ የዚያ ፍለጋ ዋና ዋና ምዕራፎች ይቃኛሉ። ክትባት መስጠትና በሽታን የመከላከል አቅም መፍጠር አንድ ነገር አይደሉም፤ በሁለቱ መካከል የነጭ የደም ሕዋሳት ሥራ አለ። ታሪኩ ይህን ልዩነት ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ ለዕለት ተዕለት የክትባት አገልግሎት የሚሰጠው ትምህርት ቀላል አይደለም።

ምክንያቱ ሳይታወቅ የተገኘ መፍትሔ

በአንዳንድ በሽታ ታሞ የዳነ ሰው ያው በሽታ ዳግመኛ እንደማይጥለው ሰዎች ያስተዋሉት በጥንት ዘመን ነው። የግሪክ ታሪክ ጸሐፊው ቱሲዲደስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ430 በአቴና ከተማ ስለተነሣው ወረርሽኝ ሲጽፉ፣ ከበሽታው የዳኑ ሰዎች ሕሙማንን ያለ ሥጋት ያስታምሙ እንደነበርና በሽታው ቢመለስባቸውም ለሞት እንደማያደርሳቸው ገልጸዋል።

ከዚህ ግንዛቤ በመነሣት በቻይና፣ በሕንድ፣ በቱርክና በልዩ ልዩ የአፍሪካ አካባቢዎች ከፈንጣጣ ሕመምተኛ ቁስል መግል ወይም ቅርፊት ወስዶ ለጤነኛ ሰው መስጠት የተለመደ ሆነ። ልማዱ በኢትዮጵያም እንደነበረ በ19ኛው ምዕተ ዓመት አገሪቱን የጎበኙ አውሮፓውያን መዝግበዋል፤ በአንዳንድ ገጠራማ አካባቢዎችም እስከ 1970ዎቹ ድረስ ዘልቋል። ዛሬ የምንጠቀምበት «ክትባት» የሚለው ቃል «ከተበ» ከሚለው ግሥ የተገኘ ሲሆን፣ ይህ ግሥ ቆዳን ጫር አድርጎ መድኃኒት ማግባትን ብቻ ሳይሆን መጻፍንም ያመለክታል። «ክታብ» የሚለው ቃልም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ወደፊት እንደምንመለከተው፣ ክትባት በእርግጥም በሰውነት ውስጥ የሚቀር ጽሑፍ ነው ቢባል ከሳይንሱ አይርቅም።

ይህ ባህላዊ ዘዴ በ1721 በሁለት አቅጣጫ ወደ ምዕራቡ ዓለም ተሻገረ። በሰሜን አሜሪካ ቦስተን ከተማ በባርነት የነበረው አፍሪካዊ ኦኔሲመስ በአገሩ እንዴት እንደተከተበ ለጌታው ለኮተን ማዘር አስቀድሞ አስረድቶ ስለነበር፣ ፈንጣጣ በከተማይቱ ሲነሣ ዘዴው ተሞከረ። በዚያው ዓመት በኢስታንቡል የእንግሊዝ አምባሳደር ባለቤት የነበሩት ሌዲ ሜሪ ዎርትሊ ሞንቴጉ ልጃቸውን በለንደን አስከተቡ። ዘዴው ከፈንጣጣ ሞት ብዙዎችን ቢያተርፍም አደጋ ነበረው። ለሰውየው የሚሰጠው እውነተኛው የፈንጣጣ ቫይረስ በመሆኑ ከ100 ተከታቢዎች አንድ ወይም ሁለት ያህሉ ይሞቱ ነበር፤ የተከተበው ሰውም በሽታውን ወደ ሌሎች ሊያስተላልፍ ይችል ነበር።

እንግሊዛዊው የገጠር ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር ይህን አደጋ የሚያስቀር መንገድ አገኙ። ላም የሚያልቡ ሴቶች የላም ፈንጣጣ ከያዛቸው በኋላ የሰው ፈንጣጣ እንደማይዛቸው ይነገር ነበር። ጄነር በ14 ሜይ 1796 ሣራ ኔልምስ ከተባለች አላቢ እጅ ላይ ከነበረ ቁስል ፈሳሽ ወስደው የ8 ዓመቱን ጄምስ ፊፕስን ከተቡ። ከሳምንታት በኋላ በእውነተኛው የፈንጣጣ መግል ቢሞክሩት ልጁ አልታመመም። ጄነር ውጤቱን በ1798 ለሕትመት ሲያበቁ፣ የላሟ በሽታ ሰውን ከሌላ በሽታ ለምን እንደሚያድን የሚያስረዱበት አንዳችም ሳይንሳዊ መሠረት አልነበራቸውም። በዚያን ጊዜ ተሕዋስያን በሽታ እንደሚያመጡ ገና አልታወቀም ነበር።

የመከላከል አቅም ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ከሁሉ አስቀድሞ በጥንቃቄ ያሳዩት ዴንማርካዊው ወጣት ሐኪም ፒተር ፓኑም ናቸው። በ1846 በአትላንቲክ ውቅያኖስ በሚገኙት የፋሮ ደሴቶች የኩፍኝ ወረርሽኝ ተነሥቶ ከ8,000 ከማይበልጠው ሕዝብ 6,000 ያህሉን ያዘ። በደሴቶቹ ኩፍኝ ከዚያ በፊት የታየው በ1781 ነበር። ፓኑም አረጋውያኑን አንድ በአንድ ሲጠይቁ በ1781 ኩፍኝ የያዛቸው ሁሉ በአሁኑ ወረርሽኝ እንዳልታመሙ፣ በልጅነታቸው ያልያዛቸው አረጋውያን ግን እንደማንኛውም ሰው እንደታመሙ ተረዱ። በመካከሉ ባሉት 65 ዓመታት ኩፍኝ ወደ ደሴቶቹ ስላልገባ ሰውነታቸውን በየጊዜው ያስታወሰው ነገር አልነበረም። ይህ ማስታወሻ የት እንደተቀመጠ ግን ፓኑምም ሊያውቁ አልቻሉም።

የፓስተር ግኝትና ያልተመለሰው ጥያቄ

ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1879 እና በ1880 በዶሮ ኮሌራ ላይ ባደረጉት ምርምር፣ ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ የደከመ ባክቴሪያ የተሰጣቸው ዶሮዎች ሳይሞቱ ቀርተው ከዚያ በኋላ ጠንካራውን ባክቴሪያ መቋቋም እንደቻሉ አሳዩ። በ1881 በፑዪ ለ ፎር መንደር በጎችን ከአባ ሰንጋ፣ በ6 ጁላይ 1885 ደግሞ ያበደ ውሻ የነከሰውን የ9 ዓመቱን ጆሴፍ ማይስተርን ከእብድ ውሻ በሽታ ለማዳን ክትባት ሰጡ። የጄነር ግኝት በአንድ የተፈጥሮ አጋጣሚ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ፓስተር ግን ተሕዋስያንን በላቦራቶሪ በማድከም ክትባትን አስቦ ማዘጋጀት እንደሚቻል አረጋገጡ።

ይሁንና ፓስተር ክትባት ለምን እንደሚሠራ የሰጡት የመጀመሪያ ማብራሪያ ትክክል አልነበረም። የደከመው ተሕዋስ በሰውነት ውስጥ ያለውን ለእድገቱ የሚያስፈልገውን ምግብ ስለሚጨርሰው፣ በኋላ የሚመጣው ጠንካራ ተሕዋስ የሚበላው እንደሚያጣ ገምተው ነበር። በዚህ አመለካከት ሰውነት እንደ ባዶ ዕቃ የሚታይ እንጂ ራሱን የሚከላከል አልነበረም።

የሁለት ወገኖች ክርክር፦ ሕዋስ ወይስ የደም ውኃ?

ነጭ የደም ሕዋሳት በማይክሮስኮፕ መታየት የጀመሩት ከዚህ ዘመን ብዙ ቀደም ብሎ ነው። በመግል ውስጥ በብዛት እንደሚገኙና አንዳንዴም በውስጣቸው ባክቴሪያ እንደሚታይ የዘመኑ የፓቶሎጂ ሊቃውንት ያውቁ ነበር። ነገር ግን ብዙዎቹ እነዚህ ሕዋሳት ተሕዋስያንን በሰውነት ውስጥ እያዞሩ በሽታን የሚያስፋፉ ናቸው ብለው ያምኑ ነበር።

ይህን እምነት የገለበጡት ሩሲያዊው የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ ኢልያ ሜችኒኮፍ ናቸው። በ1882 መጨረሻ በጣሊያን አገር በሲሲሊ ደሴት፣ በሜሲና ከተማ ተቀምጠው ሳለ፣ አካሉ ብርሃን በሚያሳልፈው የባሕር ኮከብ እጭ ቆዳ ሥር የጽጌረዳ እሾህ ሰኩ። በማግሥቱ በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከየአቅጣጫው ከበውት አገኟቸው። ሜችኒኮፍ ከዚህ ተነሥተው በሰው ቁስል ዙሪያ የሚሰበሰቡት ነጭ የደም ሕዋሳትም ወራሪውን ለመዋጥ የሚመጡ መከላከያዎች ናቸው የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሕዋሳቱንም «ፋጎሳይት»፣ ማለትም በላዒ ሕዋስ ብለው ጠሯቸው። በዚህ ትርጓሜ መሠረት መቅላት፣ ማበጥና መግል መያዝ የበሽታው ሥራ ብቻ ሳይሆኑ የሰውነት የመከላከል ሥራ ምልክቶችም ሆኑ።

በአንጻሩ በበርሊን በሮበርት ኮህ ተቋም ይሠሩ የነበሩት ኤሚል ቮን ቤሪንግና ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ በ1890 ሌላ ግኝት ይፋ አደረጉ። በመንጋጋ ቆልፍና ጉሮሮን በሚዘጋው በዲፍቴሪያ መርዝ ቀስ በቀስ እንዲለማመዱ ከተደረጉ እንስሳት የተወሰደው፣ ሕዋስ የሌለበት የደም ውኃ (ሴረም) ለሌላ እንስሳ ሲሰጥ ከመርዙ አዳነው። በደም ውኃው ውስጥ ያለው ይህ ነገር በኋላ ፀረ እንግዳ አካል (አንቲቦዲ) ተባለ። ከተከተቡ ፈረሶች የሚዘጋጀው የዲፍቴሪያ ሴረም በብዙ አገሮች የሕፃናትን ሞት በግልጽ ስለቀነሰ ቤሪንግ በ1901 የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት አገኙ።

ከዚህ በኋላ ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ተሰልፈው ለዓመታት ተከራከሩ። በፓሪሱ የፓስተር ተቋም የነበሩት ሜችኒኮፍና ተከታዮቻቸው መከላከያው ሕዋስ ነው ሲሉ፣ የጀርመን ሊቃውንት በአብዛኛው መከላከያው በደም ውኃ ውስጥ ነው ይሉ ነበር። በ1903 በለንደን አልምሮት ራይትና ስቱዋርት ዳግላስ የሁለቱም አባባል እርስ በርሱ እንደማይቃረን አሳዩ። በደም ውኃ ውስጥ ያሉት ፀረ እንግዳ አካላት ባክቴሪያውን ሲለብሱት ነጭ የደም ሕዋሳት በቀላሉ ይውጡታል። ይህንንም ሥራ በግሪክኛ ለመብል ማዘጋጀት ከሚለው ቃል «ኦፕሶኒን» ብለው ሰየሙት። በ1908 የኖቤል ሽልማት ለሜችኒኮፍና የፀረ እንግዳ አካልን ንድፈ ሐሳብ ላቀረቡት ለፖል ኤርሊክ በጋራ ተሰጠ።

ከዚህ ዘመን ግኝት ለጤና ባለሙያ የሚጠቅም አንድ ልዩነት ተገኝቷል። ተዘጋጅቶ የተሰጠ ሴረም ወዲያውኑ ይሠራል፤ ነገር ግን ሰውነት ራሱ ያላመረተው በመሆኑ በሳምንታት ውስጥ ያልቃል። ክትባት ግን ሥራውን ለመጀመር ጊዜ ይወስድበታል፤ ውጤቱ ዓመታት ይዘልቃል። ቁስለኛ ሰው የመንጋጋ ቆልፍ ሴረምና ክትባት በአንድ ጊዜ እንዲያገኝ የሚደረገው ስለዚህ ነው።

ለረጅም ጊዜ የተናቀው ሕዋስ

ኒውትሮፊልና ማክሮፌጅ ማንኛውንም ወራሪ የሚውጡ ሲሆኑ የፓኑም አረጋውያን የ65 ዓመት ትውስታ ግን በእነርሱ ሊብራራ አልቻለም። ኒውትሮፊል ዕድሜው አጭር ነው፤ ኩፍኝን ከፈንጣጣ ለይቶም አያስታውስም። በአንጻሩ ሊምፎሳይት የተባለው ትንሽ ክብ ሕዋስ በደም ውስጥ በብዛት ይታይ እንጂ ምን እንደሚሠራ እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ የሚያውቅ አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹ ፍንጮች ከተለያዩ አቅጣጫዎች መጡ። ሜሪል ቼዝ በ1945 የቲዩበርክሊን ምርመራ ምላሽ በደም ውኃ ሳይሆን በነጭ የደም ሕዋሳት አማካይነት ከአንድ እንስሳ ወደ ሌላ እንደሚተላለፍ አሳዩ። ስዊድናዊቷ አስትሪድ ፋግሬየስ በ1948 ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ፕላዝማ ሕዋሳት መሆናቸውን ገለጹ። በ1952 አሜሪካዊው ሐኪም ኦግደን ብሩተን በተደጋጋሚ በባክቴሪያ በሽታ ይጠቃ የነበረ የ8 ዓመት ልጅ በደሙ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል እንደሌለው ደረሱበት። የሚያስገርመው ግን እንዲህ ያሉ ልጆች ኩፍኝ ሲይዛቸው እንደማንኛውም ልጅ ይድኑ ነበር፤ ዳግመኛም አይያዙም ነበር። ይህም ከፀረ እንግዳ አካል ሌላ የመከላከያ ክንድ መኖሩን የሚጠቁም ነበር።

በ1956 ብሩስ ግሊክና ባልደረቦቻቸው በዶሮ አንጀት መጨረሻ አጠገብ የሚገኘው ቡርሳ የተባለ አካል ከጫጩትነታቸው የተወገደባቸው ዶሮዎች ፀረ እንግዳ አካል ማምረት እንደማይችሉ አስታወቁ። ግኝቱ የወጣው በዶሮ እርባታ ሳይንስ መጽሔት ላይ ስለነበር የሕክምና ሊቃውንት ለዓመታት አላስተዋሉትም። በ1961 ዣክ ሚለር በለንደን ታይመስ እጢያቸው በተወለዱ ሰሞን የወጣባቸው አይጦች የሊምፎሳይት እጥረት እንደሚደርስባቸው፣ የሌላ እንስሳ ቆዳ ቢለጠፍባቸው እንደማይቃወሙና በኢንፌክሽን እንደሚሞቱ አሳዩ። ከዚያ በፊት ታይመስ ጥቅም የሌለው ቅሪት ተደርጎ ይታይ ነበር።

በዚያው ዘመን በኦክስፎርድ ጄምስ ጋወንስ ከአይጦች ደረት የሊምፍ ቧንቧ ሊምፎሳይቶችን ለቀናት አፍስሰው አወጡ። አይጦቹ ለአዲስ እንግዳ አካል ምላሽ መስጠት ተሳናቸው፤ ሊምፎሳይቶቹ ሲመለሱላቸው ግን አቅማቸው ተመለሰ። ጋወንስ እነዚህ ሕዋሳት ከደም ወደ ሊምፍ እጢ፣ ከሊምፍ እጢ ተመልሰው ወደ ደም ያለ ዕረፍት እንደሚዘዋወሩም አረጋገጡ። በማንኛውም ሰዓት በደም ውስጥ የሚገኘው ከሰውነት ሊምፎሳይቶች ሁሉ 2 በመቶ ያህሉ ብቻ ስለሆነ፣ በላቦራቶሪ የሚቆጠረው የነጭ ሕዋስ መጠን ከብዙ በጥቂቱ መሆኑን ማስታወስ ተገቢ ነው።

አውስትራሊያዊው ፍራንክ ማክፋርሌን በርኔት በ1957 ያቀረቡት ሐሳብ እነዚህን ግኝቶች አንድ ላይ አያያዘ። እንደ እርሳቸው አስተያየት እያንዳንዱ ሊምፎሳይት ከመጀመሪያው አንድ ዓይነት እንግዳ አካል ብቻ ለመለየት የተዘጋጀ ነው። ያ እንግዳ አካል ሲመጣ የሚስማማውን ሕዋስ ይመርጣል፤ የተመረጠውም ሕዋስ ተባዝቶ ብዙ ተመሳሳዮችን ይፈጥራል። በ1965 ማክስ ኩፐርና ሮበርት ጉድ ሊምፎሳይቶች ሁለት ወገን መሆናቸውን አሳዩ። በኋላ ከታይመስ የሚወጡት ቲ ሕዋስ፣ በዶሮ ከቡርሳ በሰው ከአጥንት መቅኔ የሚገኙት ቢ ሕዋስ ተባሉ። በ1968 ሚለርና ግራሃም ሚቸል ቢ ሕዋስ ፀረ እንግዳ አካል ለማምረት በአብዛኛው የቲ ሕዋስ እርዳታ እንደሚያስፈልገው አረጋገጡ። በ1973 ራልፍ ስታይንማንና ዛንቪል ኮን የለዩት ዴንድሪቲክ ሕዋስ ደግሞ ወሬውን ከቁስሉ ወደ ሊምፍ እጢ የሚያደርስ መልእክተኛ ሆኖ ተገኘ።

ክትባት በሰውነት ውስጥ የሚሠራው ሥራ

እነዚህ ግኝቶች ሲገናኙ የክትባት ሥራ በቅደም ተከተል ሊነገር ቻለ። ክትባቱ በጡንቻ ወይም በቆዳ ውስጥ ሲገባ ኒውትሮፊሎችና ማክሮፌጆች ወደ ቦታው ይሰበሰባሉ። ዴንድሪቲክ ሕዋሳት ክትባቱን ውጠው ቁርጥራጩን ወደ ቅርብ ሊምፍ እጢ ይወስዳሉ፤ በዚያም ለሚያልፉት ቲ ሕዋሳት ያሳያሉ። የሚስማማው ቲ ሕዋስ ሲገኝ ይባዛል፤ ቢ ሕዋሳትንም ይረዳል። ከቢ ሕዋሳት ገሚሶቹ ፀረ እንግዳ አካል አምራች ፕላዝማ ሕዋሳት ይሆናሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ወደ አጥንት መቅኔ ገብተው ለዓመታት ያመርታሉ። ሌሎቹ ትውስታ ጠባቂ ሕዋሳት ሆነው ይቀራሉ። ይህ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከናወን ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ክትባቱ ሲደገም ግን የተባዙት ሕዋሳት ዝግጁ ስለሆኑ ምላሹ የፈጠነና የበረታ ይሆናል። በተደጋጋሚ በሚሰጡ ክትባቶች መካከል ቢያንስ የ4 ሳምንት ክፍተት የሚጠበቀው ለዚህ ሥራ ጊዜ ለመስጠት ነው።

ከሥጋ ደዌ ምርምር የተገኘ ትምህርት

የሊምፎሳይቶች ሥራ ገና በመገለጥ ላይ በነበረበት ወቅት ኢትዮጵያም የምርምሩ ተካፋይ ሆናለች። በ1970 በአዲስ አበባ ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ስያሜውን ያገኘው የሥጋ ደዌን ባሲለስ በ1873 ካገኙት ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ቶሬ ጎዳልና ኢትዮጵያውያን የሚገኙባቸው ባልደረቦቻቸው በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሊምፎሳይቶች መረመሩ።

የሥጋ ደዌ ባሲለስ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ በአንዱ ሰው ጥቂት ቁስል ብቻ አሳይቶ ይገታል፤ በሌላው ግን በመላው አካል ይሰራጫል። ተመራማሪዎቹ በመጀመሪያው ዓይነት ሕሙማን ሊምፎሳይቶቹ ባሲለሱን ለይተው ምላሽ ሲሰጡ፣ በሁለተኛው ዓይነት ሕሙማን ግን ይህን የሚያደርጉ ሊምፎሳይቶች እንደሚጎድሉ አሳዩ። በሁለተኛው ዓይነት ሕሙማን ደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል በብዛት ይገኛል፤ ባሲለሱ ግን በሕዋስ ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር አይደርስበትም። ከዚህም በላይ ከሕሙማን ጋር ለረጅም ጊዜ በኖሩ ጤነኛ ሰዎች ዘንድ ባሲለሱን የሚያውቁ ሊምፎሳይቶች ተገኙ። ይህም ብዙዎች በባሲለሱ እንደሚያዙ፣ ሆኖም ሕዋሳቸው ስለሚከላከልላቸው ሳይታመሙ እንደሚቀሩ አመለከተ። የሥጋ ደዌ ሕመምተኛን በመራቅና በማግለል ለኖረ ኅብረተሰብ ይህ ታላቅ ትርጉም ያለው ግኝት ነበር። በዋናነት ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው የቢሲጂ ክትባት ለሥጋ ደዌም የተወሰነ መከላከያ የሚሰጠው እነዚህኑ ሕዋሳት በማንቃት ነው።

ከፈንጣጣ ወደ ማጅራት ገትር

የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በኢትዮጵያ በጃንዋሪ 1971 ሲጀመር በዚያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። መንገድ በሌለበት ተራራና በረሃ በእግርና በበቅሎ የተጓዙት የዘመቻው ሠራተኞች ሁለት ነገሮች ረድተዋቸዋል። አንደኛው ቀዝቅዞ በመድረቁ ሙቀትን የሚቋቋመው ክትባት ሲሆን፣ ሁለተኛው በጥቂት ፈሳሽ ብዙ ሰው ለመክተብ ያስቻለው ጫፉ ሁለት የሆነው መርፌ ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመም በኦገስት 1976 በባሌ ቆላ ዲሞ በተባለች መንደር ታየ። በዓለም የመጨረሻው በተፈጥሮ የተላለፈ ሕመም በኦክቶበር 1977 በሶማሊያ መርካ ከተማ ከታየ በኋላ፣ የዓለም ጤና ጉባኤ በ8 ሜይ 1980 ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ። በ2003 የወጡ ጥናቶች የፈንጣጣ ክትባት የተሰጣቸው ሰዎች ከ50 ዓመታት በኋላም ቫይረሱን የሚያውቁ ትውስታ ጠባቂ ሕዋሳት እንዳሏቸው አረጋግጠዋል። ፓኑም በፋሮ የጠየቁት ጥያቄ በዚህ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

ዘመቻው በተጠናቀቀበት በ1980 በኢትዮጵያ የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም በስድስት በሽታዎች ላይ ሥራውን ጀመረ። እነርሱም ሳንባ ነቀርሳ፣ ዲፍቴሪያ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የልጅነት ልምሻና ኩፍኝ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የተጨመሩት አንዳንድ ክትባቶች የሕዋሳት እውቀት ቀጥተኛ ውጤቶች ናቸው። የማጅራት ገትርና የሳንባ ምች ባክቴሪያዎች በስኳር ነክ ሽፋን የተከበቡ ናቸው። ቲ ሕዋስ ይህን ሽፋን ስለማያውቀው ቢ ሕዋስን አይረዳም፤ በተለይ ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በሽፋኑ ብቻ ቢከተብ ዘላቂ መከላከያ አያገኝም። ሊቃውንት ሽፋኑን ከፕሮቲን ጋር በማጣመር ቲ ሕዋስ እንዲያውቀው አደረጉ። በ2007 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ባለ አምስት ጣምራ ክትባት አንዱ ክፍልና በ2011 የገባው የሳንባ ምች ክትባት በዚህ ዘዴ የተዘጋጁ ናቸው። ከ2013 ጀምሮ በየደረጃው ከ1 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ላላቸው የተሰጠው የማጅራት ገትር ኤ ክትባትም እንዲሁ ነው።

ትውስታው ሲጠፋ

ነጭ የደም ሕዋሳት ሲጎዱ የሚከተለው ችግር የሥራቸውን ታላቅነት ያሳያል። ክሌመንስ ቮን ፒርኬ በ1908 የቲዩበርክሊን ምርመራ ምላሽ የነበራቸው ሕፃናት ኩፍኝ ሲይዛቸው ምላሹ ለጊዜው እንደሚጠፋ አስተዋሉ። በ2019 በኔዘርላንድስ ባልተከተቡ 77 ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት፣ የኩፍኝ ቫይረስ ትውስታ ጠባቂ ሕዋሳትን ስለሚያጠቃ ሕፃናቱ ቀደም ሲል በሌሎች በሽታዎች ላይ ከነበሯቸው ልዩ ልዩ ፀረ እንግዳ አካላት ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆኑትን እንዳጡ አሳይቷል። የኩፍኝ ክትባት ግን ይህን ጉዳት አያስከትልም። ስለዚህ የኩፍኝ ክትባት የሚከላከለው ኩፍኝን ብቻ ሳይሆን፣ ሕፃኑ ባለፉት ክትባቶችና ሕመሞች ያገኘውን መከላከያ ሁሉ ነው። ኤች አይ ቪም ረዳት ቲ ሕዋሳትን እያጠፋ ሲሄድ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ሕዋሳት ጭምር መሪ እንደሚያጡ የኤድስ ዘመን በከባድ ዋጋ አስተምሯል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከተው ታሪክ በጤና ጣቢያ ለሚሠራ ባለሙያ የሚያስተላልፈው መልእክት ግልጽ ነው። ክትባት ትምህርት ሲሆን ተማሪው ነጭ የደም ሕዋስ ነው። ትምህርቱ ከተበላሸ ወይም ተማሪው ካልተዘጋጀ መርፌው ተወግቶ፣ ካርዱም ተሞልቶ መከላከያ ሳይፈጠር ሊቀር ይችላል።

በዚህ ምክንያት ሙቀት ያገኘው የኩፍኝ ክትባት ወይም በረዶ የሠራው ባለ አምስት ጣምራ ክትባት ሕዋሳቱን ሊያስተምር አይችልም። የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር የሚሰጠው ከእናት የተወረሰው ፀረ እንግዳ አካል ቀደም ብሎ ቢሰጥ ክትባቱን ስለሚያከሽፈው ነው። በዚያ ዕድሜም ቢሆን ከ100 ሕፃናት 15 ያህሉ ከአንድ ክትባት በቂ መከላከያ ስለማያገኙ በ2019 ሁለተኛው ክትባት በመደበኛው ፕሮግራም ተጨምሯል። ነፍሰ ጡር እናት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ስትወስድ የእርሷ ሊምፎሳይቶች ተምረው ያመረቱት ፀረ እንግዳ አካል በእንግዴ ልጅ በኩል ለጽንሱ ይደርሳል። ኢትዮጵያ በ2017 የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን የማስወገድ ደረጃ ላይ ለመድረሷ ማረጋገጫ ያገኘችው በዚህ መንገድ ጭምር ነው። ሜችኒኮፍና ቤሪንግ የተከራከሩባቸው ሁለቱም መከላከያዎች በአንዲት እናትና በልጇ አካል ውስጥ በአንድነት ይሠራሉ።

ስለሆነም የክትባት ሥራ የሚመዘነው በተወጉት ሕፃናት ቁጥር ብቻ ሳይሆን በተጠበቀው የቅዝቃዜ ሰንሰለት፣ በተከበረው የጊዜ ክፍተትና ለቀጣዩ ክትባት በተመለሱት እናቶች ጭምር መሆን ይገባዋል። እነዚህ ሲሟሉ በሕፃኑ ሕዋሳት ላይ የሚቀረው ጽሑፍ ለብዙ ዓመታት ይዘልቃል።